ከፓኖራማው ያወጣነው ልጅ

ሥራዬን ከተውኩ ወዲህ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ይለኛል። ስሠራ የጠየቀኝ አልነበረም። ካርቱም ውስጥ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የመኪና ባትሪ ሻጭ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር ፎቶ ሳያይዝ ነው የኖርኩት። ሰፊ አገር በአንድ ጊዜ ካሜራ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ካሜራውን ባለበት እያዞሩ ከግራ ወደ ቀኝ ብዙ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ አንዱን ካንዱ አጋጥመው ግድግዳ የሚሞላ አንድ ረጅም ፎቶ ያደርጉታል። ፓኖራማ ይባላል። እሱ ያነሳል፤ እኔ አያይዛለሁ።

አሁን ይህን ሥራ ስልክ ይሠራዋል። ባትሪ ሻጩ ጎረቤታችን አዲስ ስልክ የገዛ ዕለት ሱቁን ከዳር እስከ ዳር አንስቶ ሊያሳየኝ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። መደርደሪያው እንደ ሙዝ ጎብጧል፤ ወንድሙ ሦስተኛ እጅ አብቅሏል። «አየሽ? ያንቺን ሥራ በአንድ ጣት!» አለኝ። «ማሻአላህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ጌታሁን ካረፈ ዓመት አልሞላም። ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ አንቀጽ አላልፍም። ላለቅስ እቀመጥና ሳቄ ያመልጠኛል፤ ልስቅ እቀመጥና ሌላው ይመጣል። በሥራ ዘመናችን ብዙ ተሳስተናል። የባሰው ግን አንድ ደህና፣ ጤነኛ ልጅ ከነሸሚዙ ከፎቶ ማውጣታችን ነው። እናቱ መልሱልኝ አለች። ይህ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል እሱን ስለ መመለስ ነው።

ጌታሁን አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በደርግ ጊዜ ሁለታችንም፣ ሳንተዋወቅ፣ በመተማ በኩል ወጣን። ገዳሪፍ ተዋወቅን፤ ካርቱም ተጋባን። ልጅ አልወለድንም። እሱ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ለአንድ መንገድ ቀያሽ የመሣሪያውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መሸከም ነበር። ቀያሹ ሥራው አልቆ ሲሄድ ቀሪ ደሞዙን በገንዘብ ፋንታ በዚያው ማቆሚያ ከፈለው። ጌታሁን ማቆሚያውን ይዞ ቤት ገባና «ካሜራ ብቻ ነው የቀረን» አለኝ። እኔ ዳቦ የቀረን መስሎኝ ነበር።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ ሰላምታ መቀበል ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሱዳን ውስጥ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሰላምታውም በአንድ ቃል አያልቅም። ጤናህ፣ ቤተሰብህ፣ ሥራህ፣ ሙቀቱ፣ የእናትህ ጉልበት፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል፤ አንተም መልሰህ ትጠይቃለህ። ጌታሁን ነጩና ጥቁሩ ዓባይ የሚገናኙበትን ቦታ ከቱቲ ደሴት ዳር ሊያነሳ ይቆማል። ፓኖራማ ተጀምሮ አይቋረጥም፤ ደመናው ይሄዳል፣ ጥላው ይዞራል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፎቶ አይገጥሙም። እሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው በአህያ ብቅ ይላል። «አሰላሙ ዓለይኩም! እንዴት ነህ? ተማም? ቤት ተማም?» ጌታሁን የሰው ፊት መግፋት አይችልም። ዞሮ ይመልሳል። ሰላምታው ሲያልቅ ጀንበሯ ሌላ ቦታ ናት።

«ወለላዬ፣ አንቺ መንገዱ ላይ ቁሚልኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ቆሜ ምን ላድርግ?»

«ሰላምታውን ተቀበዪ። እኔ ጋ እንዳይደርስ።»

«ሁሉንም?»

«የአህያዋን ጨምሮ።»

ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ መጡ። ዐረብኛው አንቱታ የለውም፤ ሽማግሌን በአንተ መጻፍ ግን እጄ አልሄደም። በእኔ በኩል ሁሉንም ተባብለን ጨረስን፤ ከዚያ ወደ ጌታሁን አገጫቸውን አነሱ።

«ያ ሰው አሞታል?»

«ደህና ነው። ሥራ ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይመልስልኝም?»

«እኔ እመልስለታለሁ።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መስኪን» አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለዲዳው ሰውዬ ብለው ቴምር አመጡለት። እዚያ ሰፈር ለብዙ ጊዜ ዲዳ ተብሎ ኖረ። አንድ ፍየል የማቆሚያውን እግር ልትበላ ስትሞክር በአማርኛ የጮኸባት ዕለት ግን ሁሉም ሰማ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አመሰገኑ። ቴምሩም በዚያው ቀረ።

ቀስ በቀስ እጁን እያየሁ ማያያዙን ለመድኩ። ሲያስተምር መምህርነቱ አይለቀውም። «ጣትሽን ከዓይንሽ ፊት አቁሚ፤ አሁን ራስሽን አዙሪ። ጣትሽ ግድግዳው ላይ ሲሄድ አየሽ?» አየሁ። «ሲያያዝ የሚሰበረው ለዚህ ነው። መዞር ያለበት ካሜራው አይደለም፤ ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚሻገርበት ነጥብ ነው።» ያንን ነጥብ ለማግኘት ከአሮጌ የመስኮት አሉሚኒየም ቆርጦ ካሜራውን ወደ ኋላ የሚስብ መቀመጫ ሠራለት። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የልብስ ማስጫችንን ምሰሶ ከሩቅ መስጊድ ሚናራ ጋር አሰልፎ ካሜራውን ያዞራል፤ ምሰሶው ከሚናራው ፈቀቅ ካለ መቀመጫውን በትንሹ ይገፋዋል። ውሃ ልኩን ያያል። እንደገና ያዞራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ እርጥብ ልብስ ታቅፌ ምሰሶው እስኪለቀቅልኝ እጠብቃለሁ።

ስለ መደራረብም የሰጠኝ ትምህርት ጣሪያው ላይ ነው። «ቆርቆሮ ሲመታ አንዱ በአንዱ ላይ ይጋደማል፤ አለዚያ ዝናብ ያስገባል። ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ሲሶው በሲሶው ላይ።» ብርሃኑን አንዴ ለክቶ ይቆልፈዋል፤ ካልቆለፉት ሰማዩ የተጣፈ ብርድ ልብስ ይመስላል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ሁለት ፎቶ የሚገጥሙበትን ነጥብ እኔ ነበርኩ የምመርጠው። የመስኮት ጥግ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ጥሩ ነው። ቅጠል አይሆንም፤ ደመና አይሆንም። «ፍየል ላይ ነጥብ እንዳትጥዪ» ይለኝ ነበር። ከዚያች ፍየል ጋር አልታረቀም።

ደንበኞቻችን በብዛት ባለ ትልልቅ ቤቶች ነበሩ። አል-ማንሺያ ሰፈር ያለ አንድ ሥራ ተቋራጭ በወንዙ በኩል ያለውን ረጅም አጥሩን ከነቤቱ አንሱልኝ አለ። አንስተን፣ አትመን፣ ወሰድንለት። ወረቀቱ ሲዘረጋ ፊቱ ተለወጠ።

«አጥሬን አጎበጥከው!»

ጌታሁን ወደ ደጅ አወጣው። «አንተ መሐሉ ላይ ነው የቆምከው። መሐሉ ቅርብ ነው፣ ዳርና ዳሩ ሩቅ ነው። ራስህን አዙርና እየው» አለው። ሰውዬው ራሱን አዞረ።

«እኔ የምከፍለው ቀጥ ላለ አጥር ነው!»

በር ጠባቂው የእኛ አገር ሰው ነበር። ወደ ጌታሁን ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር አጥሩም ትንሽ ጠማማ ነው» አለ። ጌታሁን ይህን ተርጉሞ ነገረው። እኔ ብሆን አልተረጉምም ነበር። ተቋራጩ ሲባጎ አስመጥቶ ከዳር እስከ ዳር አስወጠረ፤ አጥሩ በእውነት ሆዱን ነፍቶ ተገኘ። የኛ ሒሳብ የተከፈለው ከግንበኛው ጋር ተጣልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጌታሁን አንድ የማይነቃነቅ ልማድ ነበረው። ፎቶ ውስጥ ያለውን አያወጣም፤ የሌለውን አያስገባም። የጎረቤት የውሃ ታንከር አጥፋልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ «ጎረቤትህን አነጋግረውና ሲያነሳው መጥቼ አነሳለሁ» ይለዋል። ከዚህ ሕግ ውጭ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር አንድ ሰው አብሮ ወደ ቀኝ ከሄደ ያ ሰው ሁለት ሦስት ቦታ ይወጣል። ጌታሁን ትርፉን ሰው መንፈስ ይለዋል። መንፈስን ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር። አንዴ አንዲት ሎሚ ሻጭ ድልድይ ላይ አራት ቦታ ወጥታ ሦስቷን አጥፍቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ለዚህም ነው ሰው የሚበዛበት ቦታ የማይወደው። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ በረሃ፤ የሚረጋ ነገር ነበር የሚወደው። ሰው ካየ «ተንቀሳቃሽ» ብሎ ይጠብቃል።

ከዚያ የሱዳኑ አብዮት መጣ። የዳቦ ሰልፍ ነበር፣ ቀጥሎ የነዳጅ ሰልፍ፣ ቀጥሎ ያ ሁሉ ሕዝብ ጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጌታሁን ከጣሪያችን ላይ ሲያዳምጥ ሰነበተ። የባቡር ድልድዩን ብረት በድንጋይ የሚመቱት ወጣቶች ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ማቆሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሳ።

«የት ነው?» አልኩት።

«አድማሱን ላነሳ።»

«አድማሱ እኮ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

እዚያ ስንደርስ ወጣቶቹ አንድ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ሰቅለው አወጡት። እኔ ከታች ሰላምታ ልቀበል ቆሜ ነበር፤ ግን ለስንቱ ይመለሳል? ከግራ ሻይ ይሰጡኛል፣ ከቀኝ ዳቦ ያጎርሱኛል፣ አንዷ ፊቴ ላይ ባንዲራ ሳለችብኝ። እሱ ከላይ «አትንቀሳቀሱ!» ይላል። ካርቱም በሙሉ እየጨፈረ «አትንቀሳቀሱ!» የሚል አንድ ሐበሻ ሽማግሌ። አንዳንዶቹ መፈክር መስሏቸው ተቀበሉት፤ «አትንቀሳቀሱ! አትንቀሳቀሱ!» እያሉ ዘለሉ።

ፎቶው ግን ግሩም ነበር። እኔ ብዙ ሳምንት ፈጀሁበት። ከዚያ ሕዝቡ በጥይት ተበተነ። ስለዚያ ቀን እኔ አልጽፍም፤ ጽሑፌ እዚያ ላይ ቆሞ እንዳይቀር እፈራለሁ። ለብዙ ጊዜ ፎቶውን ዘግተን ተውነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ የሽግግር መንግሥት ተቋቁሞ ሰው ትንሽ ሲተነፍስ፣ እዚሁ ካርቱም ሁለት ያለ የምግብ ቤት ባለቤት ለግድግዳው እፈልገዋለሁ ሲለን እንደገና ከፈትኩት።

የቀረኝ መንፈሶችን መለየት ነበር። ጌታሁን ከኋላዬ ቆሞ በእርሳስ ስክሪኑን ነካ።

«ይሄ ቢጫ ሸሚዝ። እዚህ አለ። እዚህም አለ።»

አየሁ። ያው ፊት፣ ያው ቁመት፣ ያው ቢጫ ሸሚዝ፣ በዚያው አንገት ላይ ያው ባንዲራ። በሁለቱ መካከል አንዲት ሻይ ሻጭ ከነጥላዋ ተቀምጣለች።

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም» አለ። «የግራውን አውጪው፤ ፊቱን ትንሽ አዙሯል።»

አወጣሁት። ቦታውን በአስፋልትና በሻይ ሻጯ ጥላ ሸፈንኩት። ጌታሁን መነጽሩን አውልቆ ፈለገ፤ አድርጎ ፈለገ። «የት እንደነበረ እኔም ጠፋኝ» አለ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ፎቶው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ ቶብ የተከናነበች ሴት፣ ከአንድ ቢጫ ሸሚዝ ከለበሰ ወጣት ጋር፣ ደረጃችንን ወጣች። ሐጃ ዘይነብ ትባላለች፤ የጀብራ ሰፈር ነዋሪ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ነህ፣ ኡስታዝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሁለቱም እዚያ ነበሩ፤ ተለያይተው አያውቁም። ይሄ ፎቶው ውስጥ አለ።» የወጣቱን እጅ ይዛ አነሳችው። «ወንድሙን የት አደረጋችሁት?»

ጌታሁን ቁጭ አለ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ከመበተኑ በኋላ እናቶች ፎቶ ካነሳ ሰው ሁሉ ዘንድ እየዞሩ የልጃቸውን ፊት ይፈልጉ ነበር። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ያው ፊት፣ ያው ሸሚዝ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ዩማ፣ ራክሻውን የት ላቁመው? ባትሪ ሻጩ ከዚህ አንሳ ይለኛል።» ዩማ እናቴ ማለቱ ነው፤ ራክሻ የሚሉትም ባጃጅን ነው።

ጌታሁን አንዱን ያያል፤ ሌላውን ያያል። እንደገና አንዱን። መንፈሱ ትንሽ ተመለሰለትና በዐረብኛ «መንታ ናችሁ» አለ።

«ሐሰንና ሁሴን» አለች እናትየው። «ከአንድ ጣቃ ነው የምቆርጥላቸው፤ ጨርቅ እንዳይባክን።»

ጌታሁን ተነስቶ በሩ ላይ ወደ ቆመው፣ ወደ ሁሴን ሄደ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አንተን መንፈስ ነው ብዬ አውጥቼሃለሁ።»

ሁሴንን ሳቅ ያዘው። «ስሞት ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ እስከዛሬ ጠዋት እየተነሳሁ ራክሻ እነዳለሁ።»

ሐጃ ዘይነብ ግን አልሳቀችም። «ይህ ልጅ ሊሄድ ነው» አለች። «አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር ውስጥ የሹፌርነት ሥራ አግኝቷል። ቪዛ እየጠበቀ ነው። ሁለቱ አብረው የቆሙበት ፎቶ የለኝም። ስልኩ ውስጥ የነበረው ከስልኩ ጋር ተሰረቀ። ገንዘብ አልጠይቃችሁም። ሳይሄድ በፊት ሁለቱም ግድግዳዬ ላይ ይሁኑልኝ።»

«ይሆናል» አለ ጌታሁን። «ግን ልጥፍ አልሠራም። ከመጀመሪያው እንደ አዲስ እናያይዘዋለን።»

እንዲህ ሲል ጊዜ እንደሚፈጅ አውቄዋለሁ። መጀመሪያ መብራት ይጠፋል፤ ቀጥሎ የማተሚያው ቀለም ይጠፋል፤ ቀለሙ ሲገኝ ወረቀቱ የለም። ሁሴን በየሳምንቱ ብቅ እያለ «ኡስታዝ፣ ተወለድኩ?» ይላል። «ኢንሻላህ በዚህ ሳምንት» ይለዋል ጌታሁን። ቪዛው መጣ። ከዚያ ኮሮና ገባና አየር ማረፊያው ተዘጋ። «አየሽ፣ አውሮፕላኑም እኛን እየጠበቀ ነው» አለኝ ጌታሁን ደስ ብሎት።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም። ልቡ ነበር።

ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ቀብሩ ላይ ጥቂት ነበርን። አካፋ ይዘው ከመጡት መካከል ሁለቱ ቢጫ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። ያን ዕለት ማን ሐሰን፣ ማን ሁሴን እንደሆነ አልለየሁም፤ ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ሐጃ ዘይነብ ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስለ ፎቶው አንድ ቃል አልተናገረችም። ሁሴን ግን ሲሰናበተኝ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ኻልቲ፣ አየር ማረፊያው ሊከፈት ነው። ስለ ፎቶው በጭራሽ እንዳታስቢ» አለኝ። አክስቴ ማለቱ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ነገር እንደማይታሰብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከእሱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ጌታሁን አንድ ፓኖራማ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ እንዳይምታታብኝ ሲጀምር የራሱን እጅ ያነሳል፣ ጣቱን ወደ ቀኝ ጠቁሞ፤ ሲጨርስ እንደገና ያነሳል፣ ወደ ግራ ጠቁሞ። ይህን ለሰላሳ ዓመት አየሁት፤ እንደ መንገድ ምልክት ነበር የማየው። የሰልፉን ፎቶዎች ፈልጌ እጁን እያየሁ ወረድኩ። እዚህ ከኦምዱርማን፣ እዚህ ከቱቲ፣ እዚህ የአውራ ጣቱ ጥፍር በመዶሻ የተመታ ጊዜ። ፊቱን የያዘ ፎቶ ብዙም የለኝም። እጁ ግን ተቆጥሮ አያልቅም። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ገባሁ፤ ችግሩም ያኔ ታየኝ። እኔ ያወጣሁትን መመለስ ብቻ መስሎኝ ነበር። መነሻዎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ስከፍት ግን ቢጫ ሸሚዙ ሁለት ቦታ ሳይሆን አራት ቦታ ነበር። ሁለቱም ልጆች ከካሜራው ጋር ወደ ቀኝ ሲሄዱ ነበር። ስናያይዘው ሁለቱ በመደራረቡ ውስጥ ተሸፍነው ነው ያላየናቸው። ታዲያ ያወጣሁት የትኛው ነው? ሁሴን ነው? ወይስ በእርግጥም የሐሰን መንፈስ ነበር? ዝም ብዬ ብመልሰው ሐሰን ሁለት ጊዜ ግድግዳዋ ላይ ይሰቀልና ሁሴን ይሄዳል።

ለይታ የምታውቅ ሰው አለች ብዬ አስጠራኋት። ከነልጆቿ መጣች። ሻንጣው ተገዝቷል፤ ቀኑም ተቆርጧል። በጌታሁን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ይህ ሐሰን ነው» አለች ያለ ማመንታት።

«ዩማ፣ እኔ ነኝ» አለ ሁሴን።

«እሺ፣ ይህኛው ሁሴን።»

«እሱ ደግሞ እኔ ነኝ» አለ ሐሰን።

ሦስተኛው በጣም ያምር ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ፣ ባንዲራው በነፋስ ተነስቶ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ «እኔ!» አሉ። አራተኛው ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ዳቦ ያኝካል። ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ይህ ጎረቤት ነው» አለ ሐሰን።

«ሸሚዙን ማን ሰፋለት?» አለች እናቱ።

ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፈች። «ጡት ሳጠባቸው እንኳ አልተምታቱብኝም» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «ወረቀት ላይ ተምታቱብኝ።»

«እኛንም አምታትተውናል» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይቅር ያለችን በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል። ባለቤቴ አለመኖሩ ቆጨኝ።

እሷ ስትስቅ ነው አንድ ነገር የታሰበኝ። እዚያ መሐል ጌታሁን የጣለው አንድ ፎቶ ነበር። የአንዲት ልጅ ባንዲራ ተውለብልቦ ሲሶውን ስለሸፈነው፣ ግራና ቀኙ ያሉት በበቂ ስለሚደራረቡ፣ «ይህን ተዪው» ብሎኝ ከፍቼው አላውቅም። ከፈትኩት። በባንዲራው በግራ በኩል አንድ ቢጫ ሸሚዝ፤ በቀኝ በኩል ሌላ። በአንድ ፎቶ፣ በአንድ ቅጽበት። መንፈስ ሊሆን አይችልም።

«እዚህ ላይ ሁለታችሁም አላችሁ» አልኩ።

አንደኛው ያ መልከ መልካሙ ነበር። ሁለተኛው የሚያኝከው።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። «ቆንጆው እኔ ነኝ» አለ ሐሰን። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ» አለ ሁሴን። «እኔ ያን ቀን ምንም አልበላሁም!» «አንተ? የሻይ ሻጯን ዳቦ የጨረሰው ማን ነው?»

ሐጃ ዘይነብ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች። የተነፋውን ጉንጭ እንደ ጨርቅ ስፌት መረመረችው። «በግራ በኩል ነው የሚያኝከው» አለች ቀስ ብላ። ዞር አለች። «ሁሴን፣ አፍህን ክፈት።»

«ዩማ…»

«ክፈት!»

ከፈተ። አህያ እንደሚገዛ ሰው ቀኝ መንጋጋውን አየች፤ ከሰልፉ በፊት ጥርሱን ያስነቀለችው እዚያ ጋ ነው። «ኸላስ» አለች። «ይህ ሁሴን ነው።»

ሐሰን ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሳቀ። ባትሪ ሻጩ ምን ሆናችኋል ብሎ ከታች ሲጮህ ይሰማል።

«ዩማ፣ ይሄን ፊት ግድግዳ ላይ ትቼ ልሄድ?» አለ ሁሴን። «ከአራቱ መካከል ይሄን? ዘመድ ሁሉ ይመጣል፤ ሚስት ስትፈልጊልኝ የምታሳዪው ይሄን ነው!»

«እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።» እጇን ስክሪኑ ላይ፣ ጉንጩ ላይ አሳረፈች። «እዚያ አገር ትበላ አትበላ አላውቅም። እዚህ ግን ስትበላ አያለሁ።»

እናትየው ፊቷን በቶቧ ጫፍ ስትጠርግ ሁሴን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ለመነኝ።

«ኻልቲ፣ እባክሽ። ትችዪበታለሽ። እንደገና አውጪኝ።»

«ሰው ማውጣት ትቻለሁ፣ ልጄ» አልኩት፤ ያንን ፎቶ በቦታው አስገብቼ አያያዝኩና መብራቱ ሳይሄድ ማተሚያውን አስነሳሁት።